ስለ አንድ የቡጢ ፊልም ከጅጅጋ ተመልካቾች የሰማነው

ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ሒስ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለብቻው ተቀምጦ ይመረምራል፤ በጎውን ከደካማው ይለያል፤ ፍርዱንም በራሱ ስም ለአንባቢ ያቀርባል። እኛም እስከ ዛሬ የተከተልነው መንገድ ይኸው ነበር። በዚህ ወር ግን ልማዳችንን ለመተው ተገደናል፤ ይኸውም ስለ አንድ ፊልም ጽፈን የጨረስነው ፍርድ ከሌሎች ተመልካቾች ንግግር በኋላ ሊጸና ስላልቻለ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የነሱን፣ በመጨረሻም የተረፈውን የኛን አስተያየት እናቀርባለን።

ፊልሙ «ነገሥታት በነበርን ጊዜ» ይባላል። አዘጋጁ ሊዮን ጋስት የተባለ አሜሪካዊ ነው። የሚተርከውም መሐመድ ዓሊና ጆርጅ ፎርማን በጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ዛኢር ትባል በነበረችው በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ፣ ለዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ያደረጉትን ግጥሚያ ነው። ሥዕሉ የተነሣው በዚያው ወራት ቢሆንም በገንዘብ እጦትና በክርክር ምክንያት ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከዘጋቢ ፊልሞች መካከል ተመርጦ የኦስካርን ሽልማት አገኘ።

መሐመድ ዓሊን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ትርፍ ድካም ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከተመልካቾቹ መካከል ስሙን እንጂ ሥራውን የማያውቁ ወጣቶች ስለ ነበሩ፣ ከአንባቢዎቻችንም መካከል እንዲህ ያሉ አይጠፉምና ባጭሩ እናስታውስ። ካሲየስ ክሌይ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ ተወለደ። በ1960 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ በቡጢ የወርቅ ሜዳይ አገኘ፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው በዚሁ ኦሊምፒክ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ሶኒ ሊስተንን ድል አድርጎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ስሙንም ለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም በማለቱ ማዕረጉን ተነጠቀ፤ አምስት ዓመት እስራትም ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ ስለ ነበር ወኅኒ ሳይወርድ ቆየና በ1971 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት። ኪንሻሳ ሲደርስ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። ፎርማን ደግሞ የ25 ዓመት ጐልማሳ ሲሆን፣ ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ፣ ከዚያም ወዲህ 40 ጊዜ ተጋጥሞ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሸነፈ ቡጢኛ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ሰዎች ከኛ ሯጮች ጋር በአንድ ኦሊምፒክ የተሰለፉ ናቸው። ይህን ያነሣነው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ፊልሙን ያየነው በጅጅጋ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጃችን ግቢ ውስጥ ነው። በግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ፣ የወተት ሻይ ቀርቦ፣ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ሁለት ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ማታ ማታ ከካራማራ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ አንሶላውን ሲያራግበው የዓሊ ፊት አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል፤ ልጆቹም ይስቃሉ። የመሥሪያ ቤት ልማድ አልለቅ ብሎን የተናገሩትን ሁሉ እንደ ቃለ ጉባኤ እየቈጠርን ስንጽፍ አመሸን።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ወዳጃችን ከአንሶላው አጠገብ ቆሞ በሶማሊኛ ያስተረጕም ነበር። የዚህ ሰው ሥራ ለብቻው ሒስ ይገባው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ነገሩን የሚያብራሩት በጊዜው ኪንሻሳ የነበሩት ሁለት አሜሪካውያን ደራስያን፣ ኖርማን ሜለርና ጆርጅ ፕሊምፕተን ናቸው። ሜለር ንግግር ሲያስረዝም አስተርጓሚያችን ትዕግሥቱ ያልቅና «ቀድሞ ያለውን ነው የሚደግመው» ብሎ ያልፋል፤ ዓሊ ሲናገር ግን አንዲት ቃል አይጥልም፤ እንዲያውም እጁን እያወናጨፈ ከራሱ ይጨምራል። ተመልካቹ ያየው ፊልም እንግዲህ ሊዮን ጋስት የሠራውና ወዳጃችን ያሻሻለው ነው ማለት ይቻላል። ይህን በቀልድ መልክ ብንጽፈውም ትልቁ ክርክር የተነሣው ከዚሁ ትርጕም ነው።

ፊልሙ እንዳለቀ በመጀመሪያ የተናገሩት ተማሪዎች ናቸው። አድናቆታቸው ወሰን አልነበረውም። አንዱ የዓሊን አንደበት አመሰገነ፤ ሌላው ገመዱን ተደግፎ ያን ሁሉ ዱላ መቀበሉን፣ ፎርማንም እየመታ ራሱን ማድከሙን፣ በስምንተኛውም ዙር በዝረራ መውደቁን እንደ ገና ከመጀመሪያው ተረከልን። ለነዚህ ወጣቶች ዓሊ በሃይማኖት ወንድማቸው ነው፤ ስለዚህ የሱ ድል የቤተሰብ ድል ነው። አንድ የሒሳብ መምህር ግን ወረቀት አውጥቶ ሲያሰላ ከቆየ በኋላ ያላሰብነውን ነገር ነገረን፤ ግጥሚያው መጀመሪያ የተቀጠረው ለመስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን ያ ቀን በረመዳን ውስጥ ነበር። ፎርማን በልምምድ ላይ ዓይኑ አጠገብ ስለ ተሰነጠቀ ቀኑ ተላልፎ ከዒድ በኋላ ሆነ። «ጾሙን ያስፈታለት ጠላቱ ነው» አለና ሁላችንንም አሳቀን። በፊልሙ ውስጥ ይህ ነገር ሲነሣ አልሰማንም፤ ጅጅጋ ላይ ካልሆነ በቀር የሚያስተውለውም ጥቂት ነው ብለን እንገምታለን።

ዓሊ በፊልሙ ውስጥ ወደ ዛኢር የበረረበትን አውሮፕላን የነዱት ጥቁር ሰዎች መሆናቸውን በታላቅ መደነቅ ሲናገር ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የሳቀው ጐበዝ ለምን እንደ ሳቀ ሲጠየቅ፣ «ምኑ ያስደንቃል? አጎቴ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የሚያሳፍሩት እነማን መስለውታል?» አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመ መሆኑን፣ ግጥሚያውም በተደረገበት ጊዜ ኢትዮጵያውያን ካፒቴኖች ከጀመሩ ብዙ ዓመት ያለፋቸው መሆኑን ስናስብ የጐበዙ ሳቅ ይገባናል። ነገር ግን ሳቁ ትንሽ ርኅራኄ ጐድሎታል። ዓሊ በሉዊቪል ሲያድግ ነጮች ከሚበሉበት ቤት ገብቶ መብላት ያልተፈቀደለት ሰው ነው፤ ለሱ ያ አውሮፕላን አውሮፕላን ብቻ አልነበረም።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ካቅማማች በኋላ ተነሥታ፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ሴቶች ከመዝፈንና ከመደነስ በቀር ሥራ የላቸውም ወይ ብላ ጠየቀች። ከግጥሚያው በፊት በኪንሻሳ በተደረገው የሦስት ቀን የሙዚቃ ትርኢት ላይ ጄምስ ብራውን፣ ቢ. ቢ. ኪንግና ሚሪያም ማኬባ ቀርበው ነበር። ፕሊምፕተን ደግሞ እጆቿ የሚንቀጠቀጡ አንዲት ሴት ፎርማንን ታደክመዋለች ብሎ አንድ ጠንቋይ እንደ ተናገረ ሲተርክ፣ ፊልሙ የማኬባን ፊት እያመጣ ጣልቃ ያስገባል። ተማሪዋን ያስቈጣት ይህ ነበር። ማኬባ በአገሯ በደቡብ አፍሪካ ላይ የነበረውን የዘር መለያየት በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆማ የከሰሰች ሴት ናት፤ እሷን ለጥንቈላ ተረት መልክ አድርጎ ማቅረብ እኛም ነውር መስሎ ታይቶናል። ልጅቱ ቀጥላ በለንደን ያደገችው ራምላ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በቶኪዮው ኦሊምፒክ ለሶማሊያ በቡጢ መሰለፏን አስታወሰች። «እሷም ዓሊ ናት» ብላ ተቀመጠች።

ስለ ገንዘቡ የተነሣውን ነገር ለመተረክ ከጅጅጋ ጥቂት መራቅ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም ፊልሙ በሳምንቱ በድንበሩ ከተማ በቶጎጫሌ ለነጋዴዎች ታይቶ ስለ ነበርና እኛም ከአስተርጓሚው ጋር ስለ ሄድን ነው። ለሁለቱ ቡጢኞች ለእያንዳንዳቸው አምስት ሚሊዮን ዶላር የተከፈላቸው ከዛኢር መንግሥት መሆኑን ሲሰሙ፣ ነጋዴዎቹ ስለ ቡጢው ማውራታቸውን ትተው ስለ ሒሳቡ ይከራከሩ ጀመር። አንደኛው ወገን ሞቡቱ የአገሩን ስም ለዓለም ለማሳወቅ የከፈለው ነው፣ ስምም ዕቃ ነው፣ ይገዛል አለ። ሁለተኛው ወገን ስሙ የተገዛው ለአገሩ ወይስ ለራሱ ለሞቡቱ እንደ ሆነ ጠየቀ። የአገሪቱ ዋና የገቢ ምንጭ የነበረው የመዳብ ዋጋ በዚያው ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ወርዶ እንደ ነበር ስንነግራቸው ሁለቱም ወገን ራሱን ነቀነቀ። በጅጅጋ ግን አንድ የሒሳብ ሹም ያንኑ ጥያቄ ባጭሩ ጨርሶት ነበር፤ «ከየትኛው የበጀት ርዕስ ነው የወጣው?» አለ። እኛም የመሥሪያ ቤት ሰዎች በመሆናችን ከልብ ሳቅን፤ ከሳቃችንም በኋላ መልስ አላገኘንለትም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተያየት ሳይሰጥበት አልፏል። ሜለር እንደሚተርከው፣ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ሞቡቱ በከተማው ያሉትን ወንጀለኞች ሰብስቦ በስታዲዮሙ ሥር አስሯቸው ከመካከላቸውም መቶ ያህሉን አስገድሏል። አስተርጓሚው ይህን ሲናገር ድምፁ ዝግ አለ። ፊልሙ ወዲያው ወደ ሙዚቃው ተመለሰ። በግቢው ውስጥ ግን የሻይ ብርጭቆ የሚያነሣ እንኳ አልነበረም። ጅጅጋ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ «ጄል ኦጋዴን» እየተባለ ይጠራ የነበረው እስር ቤት የነበረባት ከተማ ናት፤ ከተቀመጡትም መካከል የዘመዱን ወሬ በዚያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ የነበረ ይኖራል። ማንም ምንም አላለም። ዝምታውን እንደ አንድ አስተያየት ቈጥረን በተራ ቍጥር መዝግበነዋል፤ ፊልሙም እዚህ ላይ እንደ ተመልካቾቹ ጥቂት ዝም ቢል ኖሮ ይሻለው ነበር እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በኪንሻሳ ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር «ዓሊ ቦማዬ» እያለ ይጮኽ ነበር። ይህ የሊንጋላ ቋንቋ ሲሆን ትርጕሙ «ዓሊ፣ ግደለው» ማለት እንደ ሆነ ፊልሙ ራሱ ይናገራል። ወዳጃችን ግን በሽማግሌዎች ፊት ይህን ቃል ማውጣት ከበደውና በሶማሊኛ «ዓሊ፣ አሸንፈው» ብሎ ተረጐመ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከነሱ አንዱ ስሕተቱን በማረም ራሱን ለማስመስገን ፈልጎ ይመስለናል፣ «አዴር፣ ሕዝቡ ያለውኮ ግደለው ነው» ብሎ ከፊት ተቀምጠው ለነበሩት ሽማግሌ ነገራቸው።

ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ብዙ አልተናገሩም ነበር። የነገሩን አንድ ነገር ቢኖር የግጥሚያውን ወሬ በራዲዮ መስማታቸውን ነው። ያን ጊዜ ጐልማሳ ሆነው በአውበሬ በኩል ከብት ይዘው ነበሩ፤ በኪንሻሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሆነው በኛ አገር ጧት 12 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ወሬው የደረሳቸው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከወረዱ 48 ቀን ብቻ ሆኖ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ወራት ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ንጉሡም ስለ ቡጢኛውም እንዳልነበረ ነገሩን። ያ ዓመት ሶማሌዎች «ደበዴር»፣ ማለት ረዥም ጅራት፣ ብለው የሚጠሩት የድርቅ ዓመት ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ግጥሚያው እንዳበቃ በኪንሻሳ የወረደውን ዶፍ ዝናም ሲያዩ፣ «እዚያ ዘንቦ ኖሯል!» ያሉት ለዚህ ነው።

ተማሪው ሲነግራቸው ሽማግሌው አስተርጓሚውን ተመለከቱትና እውነት መሆኑን ጠየቁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ አመነ። ከዚያ በኋላ ያሉት እንደሚከተለው ነው፤ «ሁለቱም እንግዶች አይደሉም ወይ? ጠርታችሁ ያመጣችሁትን እንግዳ ግደለው ብሎ መጮኽ በማን ሕግ ነው?»

ግቢው ተረበሸ። ተማሪዎቹ ይህ የቡጢ ጨዋታ ነው፣ ቃሉም የጨዋታ ቃል ነው አሉ። አንድ መምህር፣ ፎርማን ኪንሻሳ ሲገባ ትልቅ የጀርመን ውሻ ይዞ መውረዱን አነሣ፤ ፊልሙም እንደሚያስረዳው ይህ ዓይነት ውሻ ለሕዝቡ የቤልጅግ ገዥዎችን ፖሊስ የሚያስታውስ ነበር። እንግዲህ ሕዝቡ የጠላው በምክንያት ነው ማለቱ ነው። ሽማግሌው ግን ይህን ምክንያት አልተቀበሉትም። «እንግዳ የአገሩን ነውር አያውቅም፤ ማስተማር የባለቤቱ ነው» አሉ። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ደጅ የደረሰ ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ወተት የሚቀርብለት መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ነገሩ የአንድ አዛውንት ግትርነት ሆኖ አይታየውም።

አሁን ጥፋታችንን እንናዘዝ። እኛ በዚያች ሌሊት ይህን ንግግር በቃለ ጉባኤያችን ላይ አላሰፈርነውም። ከርዕሱ የወጣ መሰለን። ሰዓቱም መሽቶ ነበር፤ ከዚህም በላይ ስለ ፊልሙ ልንጽፍ ያሰብነው ውዳሴ በሐሳባችን ተዘጋጅቶ ስላለቀ ይህ ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። ጽሑፉንም እንደዚያው አድርገን ጨርሰን ነበር። ለወዳጃችን ብናነብለት፣ «የሽማግሌው ነገር የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀን። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው የተለየ ሐሳብ ሲያቀርብ «ከጥቂት ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ስንቴ ታዝበናል! ያን ሥራ ራሳችን ሠርተን ተገኘን። ስለዚህ ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ለብቻችን ሆነን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትነው።

በሁለተኛው ጊዜ ያየነው ፎርማንን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እሱን ከቶ አላየነውም ብንል ማጋነን አይሆንም። ፊልሙ የአሸዋ ከረጢት ሲደበድብ፣ ከረጢቱም በቡጢው ልክ ሲጐደጕድ ያሳየናል፤ ውሻውን ያሳየናል፤ ለጋዜጠኞች ባጭር ባጭሩ ሲመልስ ያሳየናል። ዓሊ ግን ሲቀልድ፣ ሲፎክር፣ ከልጆች ጋር ሲሮጥ፣ ሲያዝንም ይታያል። አንደኛው ሰው ሆኖ ሁለተኛው ተራራ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ማብራሪያ እንዲሰጡ ሰዎች ተፈልገው ሲቀርቡ ፎርማን አልቀረበም። የዓሊ አለመቅረብ ይገባናል፤ በፓርኪንሰን በሽታ ምክንያት ያ አንደበቱ ተይዞ ነበር። ፎርማን ግን ጤነኛ ከመሆኑም በላይ፣ ሰባኪ ሆኖ አሥር ዓመት ከቡጢ ከራቀ በኋላ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ የዓለምን ሻምፒዮንነት እንደ ገና የያዘ ሰው ነው። ስለዚያች ሌሊት ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ሜለርና ፕሊምፕተን ከመድረኩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ እሱ ግን መድረኩ ላይ ነበር። በሮማ አበበን፣ በሜክሲኮ ማሞን እኩል ለምናከብር ለኛ፣ በነዚያው ሁለት ከተሞች ወርቅ ካገኙት ሁለት ቡጢኞች አንዱ ብቻ ሰው ሆኖ መታየቱ ሊከነክነን ይገባ ነበር።

የኪንሻሳም ሕዝብ እንዲሁ ነው። ይጮኻል፣ ይሮጣል፣ ይጨፍራል፤ ምን እንዳሰበ የሚነግሩን ግን በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው። ከአፍሪካ በኩል የሚናገረው ማሊክ ቦወንስ የተባለ ተዋናይ ነው፤ ንግግሩም መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውዬው የማሊ ተወላጅ እንጂ የኪንሻሳ ሰው አይደለም። ከዓሊ ጋር የሮጡት ልጆች በ1996 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱን ፈልጎ «ያን ጊዜ ቦማዬ ስትል ምን ማለትህ ነበር?» ብሎ የጠየቀ የለም። ያ ጥያቄ ቢጠየቅ የሽማግሌው ክርክር መልስ ያገኝ ነበር።

የስደተኞች ሠፈር ባለበት በቀብሪ በያህ ከተማ ለመምህራን በታየ ጊዜም አንድ ወጣት ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ነገር ተናግሯል። ወላጆቹ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከሶማሊያ የመጡ ሲሆኑ እሱ የተወለደው እዚያው ሠፈር ውስጥ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሁሉም ስለ ዓሊ «ወደ አገሩ ተመለሰ» ይላል፤ ዓሊም ይህን ደጋግሞ ይናገራል። ወጣቱ ግን፣ «ሁለት ወር ሳይሞላው ሄደ አይደል? አገር ማለት በስንት ቀን የሚለቀቅ ነው?» አለ። አብዛኞቹ መምህራን ይህን ለዓሊ ክብር የማይገባ ንግግር ነው ብለው ተቈጡ። እኛ እንኳ ለመቈጣት አልደፈርንም።

እንግዲህ ፊልሙ መጥፎ ነው ወይ? ከቶ አይደለም። ዓሊን በዚህ ዓይነት ቀርቦ ያሳየ ሌላ ፊልም አላየንም። የአምስተኛውን ዙር መከራ፣ ከዚያም የፎርማን ክንድ እየከበደ መሄዱን ሲያሳይ ውጤቱን የሚያውቅ ሰው ሳይቀር ትንፋሹን ይይዛል። በሙዚቃና በልምምድ መካከል የሚያመላልሰው አቈራረጡም እጅግ የተዋጣለት ነው። ደካማነቱ፣ ጀግናው እንዲጐላ ሌላውን ማደብዘዝ አስፈላጊ መስሎ ስለ ታየው ነው። ነገር ግን ዓሊ ይህን እገዛ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ማስረጃውም በራሱ በፊልሙ ውስጥ ይገኛል። በስምንተኛው ዙር ፎርማን ዞሮ ወደ መሬት ሲሄድ ዓሊ ቀኝ እጁን ለመጨረሻ ምት አንሥቶ ይከተለዋል፤ ሊመታውም ይችል ነበር፤ አልመታውም። እጁን እንዳነሣ ሲወድቅ ያየዋል። ስልሳ ሺህ ያህል ሕዝብ «ግደለው» እያለ ሲጮኽ ጥሪ የተደረገለት ሰው ግን ቡጢውን ያዘ። ይህን ለሽማግሌው ሄደን ነገርናቸው። ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እንግዲያው ሕጉን የሚያውቀው እንግዳው ኖሯል» አሉን።

በ1997ቱ የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ፊልሙ ሲሸለም ሁለቱም ሰዎች ወደ መድረኩ ተጠርተው ነበር፤ እግሩ የከበደውን ዓሊን ደረጃውን ደግፎ ያወጣው ፎርማን ነው። ዓሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም.፣ ፎርማን ደግሞ በ2025 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

የትርጕሙ ነገር አንድ ቀርቶናል። ወዳጃችን «አሸንፈው» ማለቱ ትክክል ነበር ወይ? እኛ በአማርኛ ብናስተረጕም ኖሮ «ግደለው»ም «አሸንፈው»ም አንልም፤ «በለው!» እንላለን። «በለው» የጦር ሜዳም የኳስ ሜዳም ቃል ነው፤ መግደልንም ማቸነፍንም ይይዛል፤ ጯኺውም ከሁለቱ የትኛውን እንደ ፈለገ ብዙ ጊዜ ራሱ አያውቀውም። የኪንሻሳም ሕዝብ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለወዳጃችን ስንነግረው፣ በሶማሊኛ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ አንዱም እንዳልተስማማው ነገረን። በመጪው ወር ፊልሙ በአውበሬ ይታያል፤ ሽማግሌውም በዘመዶቻቸው ዘንድ ስለሚሆኑ ከፊት ለመቀመጥ ቃል ገብተዋል። ወዳጃችን ያቺ ቦታ ስትደርስ ምንም ሳይተረጕም «ቦማዬ» እንዳለች ሊተዋት፣ የሚጠይቅም ካለ ቆሞ ሊያስረዳ ወስኗል።